ኦክት4 ሲጨምር ግንድ ሕዋሱ ለምን ማንነቱን ይለቃል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦክት4 (ሌሎች ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ፕሮቲን) የግንድ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ሌሎች ሕዋሶች መለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ ማንነት ጠባቂ ነው ይባላል። ታዲያ በአይጥ የፅንስ ግንድ ሕዋስ ላይ ዶክሲሳይክሊን በተባለ አንቲባዮቲክ የሚከፈት ተጨማሪ የኦክት4 ጂን ቅጂ ሲገባ፣ ጉብ ጉብ ያሉት ኮሎኒዎች (የሕዋስ ክምችቶች) በ3ኛው ቀን ጠፍጣፋ ሆነው ዳር ዳሩን ይበተናሉ። ግንድነቱን የሚጠብቀው ፕሮቲን፣ ሊፍ፣ አልተቋረጠም። የአርኤንኤን መጠን በሚለካው ኪውፒሲአር የሚታየው ጭማሪ 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ የዶክሲሳይክሊኑ ይሆን?

ክሮማቲን፦
ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን በቀላሉ ይጣራል፦ ተጨማሪው ቅጂ ለሌለው እናት መስመር (መነሻው ሕዋስ) ያንኑ መጠን ስጡት። ዶክሲሳይክሊን የማይቶኮንድሪያን ፕሮቲን ሥራ ስለሚያውክ ይህ መቆጣጠሪያ አይዘለልም። እናት መስመሩ ደህና ከሆነ ያያችሁት የታወቀ ነገር ነው። ኒዋና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳዩት ይህንኑ ነበር፦ ኦክት4 2 እጥፍ ሳይሞላ እንኳ ከፍ ሲል ሕዋሱ ወደ ቀዳማዊ ኢንዶደርምና ሜሶደርም (በፅንስ እድገት መጀመሪያ ወደሚታዩ የሕዋስ ንብርብሮች) ይሄዳል፤ ሲጠፋ ደግሞ የእንግዴ ልጅ መነሻ ወደሆነው ትሮፌክቶደርም።

ስለዚህ ኦክት4ን እንደ መብራት ማብሪያ ሳይሆን እንደ ወጥ ጨው አስቡት። ብቻውን አይሠራም፤ ሶክስ2 ከተባለ ሌላ የጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ጋር ጎን ለጎን ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ የራሱን፣ የሶክስ2ንና የናኖግን (የሌላ ግንድነት ጠባቂ) ጂኖች ያነቃቃል። በሌላ በኩል የትሮፌክቶደርም ጂኖችን የሚያበራውን ሲዲኤክስ2ን ይጫናል፣ ሲዲኤክስ2ም መልሶ እሱን ይጫናል። ኦክት4 ሲጎድል ሚዛኑ ወደ ትሮፌክቶደርም የሚያጋድለው ለዚህ ነው። ሲበዛ ደግሞ ከሌሎች አጋሮች ጋር ተጣምሮ የኢንዶደርም ጂኖችን ይከፍታል። የሚገርመው፣ ከሁለቱ የኦክት4 ቅጂዎች አንዱ የጎደለባቸው ሕዋሶች በግንድነታቸው ይበልጥ ጠንካራ ናቸው።

ፒፔት፦
እኔ የምጠረጥረው ልኬቱን ነው። «2 እጥፍ አይሞላም» የሚለው ቁጥር አማካይ ነው። ግማሹ ሕዋስ 3 እጥፍ፣ ግማሹ 1 ቢሆን አማካዩ 2 ይመጣል፤ ጠፍጣፋ የሆኑት ግን ባለ 3ቶቹ ናቸው። በፀረ አካል ቀለም ወይም በፍሎው ሳይቶሜትሪ ሕዋስ በሕዋስ እዩት።

ሌላው ወጥመድ ፕራይመሩ (ኪውፒሲአር የሚለካውን ጂን የሚመርጠው አጭር ዲኤንኤ) ነው። ኦክት4 በጂኖሙ ውስጥ የሚመስሉት ሐሰተኛ ጂኖች አሉት፤ አርኤንኤው ዲኤንኤን በሚበላው ኢንዛይም፣ በዲኤንኤስ፣ ካልጸዳ ፕራይመሩ እነሱን ያነሳል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) የሌለበት ናሙና ጎን ለጎን አሂዱ። የሕዋሱን የራሱን ኦክት4 ከተጨማሪው ለመለየት አንዱን ፕራይመር ያልተተረጎመው የ3 ፕራይም ጫፍ ላይ አድርጉት፤ አብዛኛው የገባ ቅጂ ያን ጫፍ አይዝም።

ዶክሲሳይክሊኑንም በአንድ መጠን ብቻ አትሞክሩ። ከ0 ጀምራችሁ 10፣ 50፣ 100፣ 500 ናኖግራም በሚሊሊትር አድርጉና በ24ና በ48 ሰዓት የኢንዶደርም ምልክት የሆነውን ጋታ6ንና ሲዲኤክስ2ን ለኩ። ጋታ6 ቀድሞ ከወጣ ኦክት4 በዝቷል ማለት ነው።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ግን ያማናካና ታካሃሺ በ2006 የሰውነት ሕዋስን ወደ ኋላ፣ ወደ ግንድ ሕዋስነት የመለሱት ኦክት4ን ከሶክስ2፣ ከክልፍ4ና ከሲ-ሚክ ጋር በብዛት አስገብተው አይደል? እዚያ ለምን አልጎዳም?

ክሮማቲን፦
እዚያ መነሻው ፋይብሮብላስት (ማንነቱ የጸና የሰውነት ሕዋስ) ነው፤ የተዘጋ ክሮማቲን (ከፕሮቲን ጋር የታሸገ ዲኤንኤ) ለመክፈት ብዛት ያስፈልጋል። ሕዋሱ ከተመለሰ በኋላ ግን በሬትሮቫይረስ የገቡት ቅጂዎች ጸጥ ማለት አለባቸው፣ የራሱ ጂኖችም ሥራውን መረከብ አለባቸው። ጸጥ ያላሉባቸው ኮሎኒዎች ብዙውን ጊዜ በግማሽ መንገድ የቀሩ ናቸው።

ፒፔት፦
ከሙከራው በፊት መነሻውንም አስተካክሉ። በሴረምና በሊፍ ብቻ (1000 ዩኒት በሚሊሊትር) የሚያድግ የአይጥ ሕዋስ ናኖግ ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያል፤ ናኖግ ዝቅ ያለበት ለመለወጥ የቀረበ ነው። ሁለት ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች፣ ሲኤችአይአር99021 በ3 ማይክሮሞላር፣ ፒዲ0325901 በ1 ማይክሮሞላር ሲጨመር ልዩነቱ ይጠባል። ሆኖም ፒዲውን ለብዙ ፓሴጅ (ሕዋሱን ከፍሎ ወደ አዲስ ሳህን ማዛወር) አታራዝሙት፤ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን (ዲኤንኤ ላይ ያለ ኬሚካላዊ ምልክት) ይሟጠጣል፣ ጂኑ ከእናት ወይም ከአባት መምጣቱን የሚለየው ምልክትም ይጠፋል፣ ይህ የኋለኛው ደግሞ መድኃኒቱ ሲነሳ አይመለስም።

ይህን ቀመር ወደ ተለመደው የሰው ግንድ ሕዋስ እንዳለ አታዙሩት። እሱ የሚቆመው በኤፍጂኤፍ2ና በአክቲቪን ፕሮቲኖች ነው፤ ለሊፍ ደንታ የለውም።