ደሴ ላይ ቆሮሶን (ቲላፒያ ዓሣን) ከውርጭ እንዴት አድናለሁ?

ሰላም ወገን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ዓሣ የምታረቡ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ጦሳ ተራራ ግርጌ ግቢዬ ውስጥ ላስቲክ የተነጠፈባት ኩሬ አለችኝ፤ ጥልቀቷ ከጉልበት ብዙም አያልፍ። ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር ጠዋት ዳር ዳሩን እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ይይዘዋል፣ ቆሮሶዎቹ መኖ ብበትንላቸውም ዞር ብለው አያዩትም፣ ዛሬ ደግሞ አንዳንዶቹ በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ቆሮሶ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ እንደማይችል አውቃለሁ። የኮምቦልቻ ሰው ምን አለበት፣ እዚያ ሙቀት ነው! ማታ ማታ ላስቲክ ላልብሳት ወይስ እስከ 1.5 ሜትር ላስቆፍራት? ላስቲኩ አየር እንዳያሳጣቸው ፈራሁ። ማሞቂያ እንዳትሉኝ፣ የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ወይስ ብርድ የሚችለውን ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ላስገባ? ጫጩቱስ በቅርብ የት ይገኛል?