ሮም ላይ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣዬም ቡድኔም ጠፉብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። መንፈሳዊ ጉዟችን ዛሬ ገና መጀመሩ ነው። ጠዋት ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ስናርፍ የሁሉም ሻንጣ ወጣ፣ የእኔ ቀረ። ባዶውን የሚዞረውን ማሽን አፍጥጬ እያየሁ አስተባባሪያችን «አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው፣ በኋላ ይፈለጋል» ሲለኝ፣ ምንም ፎርም ሳልሞላ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ሞኝነቴ ያናድደኛል።

ከዚያ በቀጥታ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ። ሌሎቹ አለፉ፤ እኔ እጅጌ የሌለው ልብስ ስለለበስኩ ጠባቂው ትከሻዬን በጣቱ አሳይቶ መለሰኝ። ሻርፔ የት እንዳለ ገምቱ።

ይህን የምጽፈው ከባዚሊካው ፊት ያለውን አደባባይ ከከበቡት የቤርኒኒ ዓምዶች አንዱን ተደግፌ ነው። ስልኬ 14 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ አስተባባሪው አያነሳም፣ የሆቴሉ አድራሻም እሱ ጋ ነው። ጉልላቱ ላይ ከወጡ ወይም ወደ ጳጳሳቱ መቃብር ከወረዱ ደግሞ ቶሎ አይመለሱም። አደባባዩ መሃል ያለው ሐውልት ሥር ልጠብቅ ወይስ ሻርፕ ገዝቼ እንደገና ልሰለፍ? መተላለፉን ፈራሁ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሻንጣው ነው። ከኤርፖርት ከወጡ በኋላ መጥፋቱን በኢንተርኔት ማስመዝገብ ይቻላል ወይስ የግድ ልመለስ? በሞንትሪያል ስምምነት (የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ ውል) ለዘገየ ሻንጣ ቅሬታ 21 ቀን እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱ ግን የሚቆጠረው ሻንጣው እጄ ከገባ በኋላ ነው። ነገ ማታ ወደ አሲሲ ከተማ እንሄዳለን። ታዲያ የትኛውን አድራሻ ልስጥ?

የደረሰበት ሰው ካለ በአጭሩ ይንገረኝ። «ጸልዪ» ብቻ አትበሉኝ፣ እሱንማ ይዤዋለሁ።