ስድስት በጎ ፈቃደኞች፣ አንዲት ሳይኮሎጂስት፦ የምክር አገልግሎት በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንጀምር?

ጀማሪ ቡድን (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለግል ሕክምና የመክፈል አቅም ለሌላቸው ሰዎች የምክር አገልግሎት ለመጀመር እየተዘጋጀን ነው። ስድስት በጎ ፈቃደኞች አሉን፤ አንዷ ነርስ፣ ሁለቱ መምህራን፣ ሦስቱ በሶሻል ወርክ የተመረቁ ናቸው። አንዲት ሳይኮሎጂስት በወር ሁለት ግማሽ ቀን፣ በድምሩ 8 ሰዓት፣ በነፃ ልታግዘን ቃል ገብታለች። ሁለት ክፍልም አግኝተናል።

ያሰብነው በጎ ፈቃደኞቹ ቀለል ያለውን እንዲይዙ፣ ሳይኮሎጂስቷ ደግሞ በ8 ሰዓቷ ከበድ ያሉትን ሰዎች ራሷ እንድታነጋግር ነው። የምንጠይቃችሁ፦ ሥልጠናው ስንት ቀን ይሁን? ማንን ተቀብለን ማንን ሪፈር እናድርግ? ትንሽ ክፍያ ብናስከፍል ሰው ይሸሻል? ሰዎቹ መሻላቸውንስ በምን እናውቃለን?

ሱፐርቫይዘር

ከሁሉ በፊት የሳይኮሎጂስቷን ሰዓት እንደገና አስቡበት። በ8 ሰዓት ቢበዛ ስምንት ሰው ታነጋግራለች፤ ያውም በወር አንዴ። ከበድ ያለ ችግር ላለበት ሰው በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ ምክክር እምብዛም አይጠቅመውም። ያው 8 ሰዓት በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ተከፍሎ ለስድስቱ አማካሪዎች የቡድን ሱፐርቪዥን (ሥራቸውን አብራ የምታይበትና የምትመራበት ስብሰባ) ቢውል ግን የሥራው ሁሉ ምሰሶ ይሆናል። ስድስቱ አማካሪዎች በየተራ 15 ደቂቃ አንድ ያስቸገራቸውን ጉዳይ ያቀርባሉ፤ 90 ደቂቃ ይወስዳል። የቀረው 30 ደቂቃ ልምምድ ነው፤ አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተገልጋይ ሆኖ ያንኑ ያስቸገረውን ንግግር ደግመው ይሞክሩታል።

እንዲህ ያለ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከሥልጠናው በኋላ የሚከታተል ሰው ስለማይኖር ነው። ሥልጠናው ባለቀ በሁለተኛው ወር አማካሪው ሳይታወቀው ወደ ለመደው ይመለሳል። መምህሩ ማስተማር ይጀምራል፣ ነርሷ መመርመር ትጀምራለች፣ ሌላው ደግሞ ሰውየው ሳይጨርስ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይላል።

ዘዴውን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» (በአጭሩ ፒኤም ፕላስ) የተዘጋጀው ልክ እንደ እናንተ ላሉ ባለሙያ ያልሆኑ ረዳቶች ነው፤ መመሪያውም በነፃ ይገኛል። አምስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ በሳምንት አንድ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የመጀመሪያው ላይ ትውውቅና በዝግታ የመተንፈስ ልምምድ፣ ሁለተኛው ላይ ችግር አፈታት፣ ሦስተኛው ላይ የተተወን የዕለት ተዕለት ሥራ በትንሽ በትንሹ መመለስ፣ አራተኛው ላይ ከሰው ጋር የሚያያዙ ገመዶችን ማጠንከር፣ አምስተኛው ላይ መሰነባበትና ሕመሙ ቢመለስ ምን እንደሚደረግ ማቀድ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለተኛው ላይ ነው። ተገልጋይዋ «ዕዳ አስጨንቆኛል» ብትል ይህ ገና ችግር ሆኖ አልተለየም፤ በጣም ሰፊ ነው። የሚያስጨንቃትን ሁሉ ታስዘረዝሯታላችሁ፤ ከዚያ መፍትሔ ሊገኝለት የሚችለውን፣ በእጇ ያልሆነውንና ለጊዜው ሊቆይ የሚችለውን ትለያለች። ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ትመርጣለች፦ «አበዳሪው የወሩን መጨረሻ ሊጠብቀኝ ይችል እንደሆነ አልጠየቅኩትም»። መፍትሔዎችን ያለ ትችት ትደረድራለች፤ የማይሆን የሚመስለውም ይጻፍ። በመጨረሻ ዕቅዱ ቀንና ሰዓት ይኑረው፦ «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ከመደወሌ በፊት የምለውን በሁለት መስመር እጽፋለሁ»። አማካሪው መፍትሔውን ራሱ ካቀበለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት «አልሆነልኝም» የሚል መልስ ይዛ ትመጣለች፤ ዕቅዱ መቼም የእሷ አልነበረማ።

ሥልጠናው ከ8 እስከ 10 ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግማሹ ልምምድ ይሁን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አማካሪ ሁለት ሰው በቅርብ ክትትል አይቶ ሳይጨርስ ብቻውን አይለቀቅ። ለመመዘን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ኢኪፕ» በሚባለው ነፃ መድረካቸው ያስቀመጡትን «ኢናክት» የተባለ ቅጽ ተጠቀሙ። የጽሑፍ ፈተና የማያሳየውን ያሳያል፤ አማካሪው ሲያዳምጥ ምን እንደሚያደርግ ይታይበታል።

የአእምሮ ጤና ነርስ

ስለ ልየታው እኔ ልጨምር። ለድባቴ ፒኤችኪው 9 የተባለውን መጠይቅ ተጠቀሙ፤ ነፃ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 5፣ 10፣ 15 እና 20 የድባቴውን ክብደት የሚለዩ ነጥቦች ናቸው። በእኔ ምክር ከ10 እስከ 19 ያገኙትን ተቀበሉ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው፤ ምክክሩ በጎን ሊቀጥል ይችላል። ነጥቡ ምርመራ አይደለም። የታይሮይድ ችግር ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰውም ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ስለሚኖረው ከፍ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከ0 ሌላ የተመለሰ ምንም ነገር ካለ ድምሩን ተዉትና ወደ ሰውየው ተመለሱ። ቃሉን ሳትሸፋፍኑ ጠይቁ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» «እንዴት እንደሚያደርጉትስ አስበዋል?» «ያ ነገር አሁን በእጅዎ ይገኛል?» «ከዚህ በፊት ሞክረው ነበር?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በመገኘቱ እፎይ ይላል። «እንደዚህ ያለ ነገር አላሰቡም አይደል?» ብሎ መጠየቅ ግን «አላሰብኩም» የሚለውን መልስ በሰውየው አፍ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ዕቅድና መንገዱ በእጁ ካለ ብቻውን ከክፍሉ አይውጣ። አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፣ ሌላው ሱፐርቫይዘር ለሆነችው ሳይኮሎጂስታችሁ ይደውል፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ ሕክምና አጅባችሁ ውሰዱት። ሐሳብ ብቻ ካለና ዕቅድ ከሌለ ደግሞ የደኅንነት ዕቅድ በወረቀት ጻፉ፦ ሲመጣበት የሚታወቁት ምልክቶች፣ ብቻውን ሊያደርግ የሚችለው ነገር፣ ሐሳቡን የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዱኝ የሚላቸው ሰዎች፣ የሚደውልለት ባለሙያ። በመጨረሻም ቤት ያለው መድኃኒትና ፀረ ተባይ በማን እጅ እንደሚቀመጥ። ይህ የመጨረሻው መስመር ሲዘለል ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ሕይወት ለማትረፍ ግን ከባዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ወረቀቱ ከሰውየው ጋር ይሂድ፤ ቅጂው ፋይል ውስጥ ይግባ።

ሳትቆዩ ሪፈር የምታደርጉት፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የሚበዛና ንግግሩ የማይያዝ፣ ከወለደች በኋላ ግራ የተጋባች ወይም ያልሆነ ነገር የምታምን እናት፣ በድንገት የተምታታበት አዛውንት። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከመጣ «ከዛሬ ጀምረህ ተው» አትበሉት። በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ያስነሳል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። የታዘዘ መድኃኒትንም አማካሪ «ቀንስ» ወይም «አቁም» አይልም።

ስለ ትርጉም አንድ ነገር። ቃል በቃል የተተረጎመ መጠይቅ ብዙ ያመልጠዋል። «ድባቴ ይሰማዎታል?» ሲባል «የለም» ያለ ሰው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሐሳብ አላስተኛ አለኝ» ሊል ይችላል። በዚምባብዌ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በ14 አማካሪ አያቶች የጀመሩት የ«ፍሬንድሺፕ ቤንች» አገልግሎት የሚለካው በአገሬው ቋንቋ በተዘጋጀ የ14 ጥያቄ ቅጽ ነው፤ ችግሩንም የሚጠሩት «ኩፉንጊሲሳ» በሚል የሾና ቃል ነው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የጥያቄውን ቃል በዘፈቀደ አትቀይሩ፤ ተፈትኖ የተተረጎመውን ያዙ፣ በሰዉ አነጋገር ማብራሪያውን ግን አዘጋጁ።

መጠይቁን በየክፍለ ጊዜው አስሞሉ። 5 ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ነጥቡ በሦስተኛው ካልወረደ አማካሪው በሱፐርቪዥን ያንሣው።

አስተባባሪ

በየክፍለ ጊዜው መሙላቱ ላይ አልስማማም። ማንበብ የማይችል ተገልጋይ ካለ አማካሪው ሊያነብለት ነው፤ 5 ደቂቃ የተባለው 15 ይሆናል፣ ሰውየውም አማካሪውን ለማስደሰት ነጥቡን ዝቅ ያደርጋል። ሲጀምር፣ ሲጨርስና ከሦስት ወር በኋላ አማካሪው ሳይሆን ሌላ ሰው ያስሞላ። በየሳምንቱ ዘጠነኛውን ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ግን ግዴታ ይሁን፤ እሱ ላይ ከነርሷ ጋር ነኝ።

አቅማችሁን አስሉ። ስድስት አማካሪ በሳምንት ሦስት ሦስት ሰው ቢያይ 18 ነው፤ በ12 ሳምንት 216 ቀጠሮ። ከአራት ቀጠሮ አንዱ ይቀራል ብላችሁ ያዙ፤ በትክክል የሚካሄደው 162 ይሆናል፤ ለአምስቱ ክፍለ ጊዜ ሲካፈል 32 ሰው። ስለዚህ በሦስት ወር ከ30 ሰው በላይ አትመዝግቡ። ቀጠሮ እንዳይቀር ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ፤ ከየት እንደደወላችሁ ግን ለሌላ ሰው አትንገሩ፤ ስልኩን ማን ሊያነሳ እንደሚችል ሲመዘገብ ጠይቁ።

ክፍያን በተመለከተ ሦስት እርከን አድርጉ፤ አንዱ ዜሮ ይሁን። ደረጃውን ተገልጋዩ ራሱ ይምረጥ፣ ማስረጃ አትጠይቁ። የድኽነት ወረቀት ማምጣት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ገንዘቡን አማካሪው በእጁ አይቀበል፤ ሰውየው ሲያለቅስ ቆይቶ ሲወጣ ከዚያው ሰው ጋር ስለ ክፍያ መነጋገር አይገባውም። ክፍያው ወጪውን ይሸፍናል ብላችሁ አትጠብቁ። ልገሳ ስታገኙ መጀመሪያ ለአማካሪዎቹ የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ መድቡ፤ በጎ ፈቃደኞች የሚለቁት አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳቸው ማውጣት ሲሰለቻቸው ነው።

ክፍሉን ከመክፈታችሁ በፊት ፈትኑት፦ አንዱ ውስጥ ሆኖ እንደ ወትሮው ያውራ፣ ሌላው ከበሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጥ። ቃል ከተለየ በሩ ስር ያለውን ክፍተት ድፈኑና ከውጭ ራዲዮ ክፈቱ። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ሳይሆኑ ትንሽ ዘወር ብለው ይቀመጡ፤ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ለሁለቱም ክፍት ይሁን። ፋይሉ በቁጥር ብቻ ይያዝ፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።

ጀማሪ ቡድን

የሳይኮሎጂስቷን ሰዓት በየሳምንቱ አድርገነዋል፤ እሷም ደስ ብሏት ተቀብላለች። ሁለት ነገር ቀረን። ከ30 በላይ ሰው ቢመጣስ? ተገልጋዩ የአማካሪው ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢሆንስ?

ሱፐርቫይዘር

ወረፋ ላይ ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት «ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ» የተባለ ውጥረትን የመቋቋሚያ ሥልጠና አለ፤ በድምፅ የተቀረጸ ነው፣ እስከ 30 ሰው በአንድ ላይ ይከታተለዋል፣ አምስት ክፍለ ጊዜ አለው። አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ የግል ምክክር ላያስፈልገው ይችላል። ወረፋ የያዘውን ሁሉ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ዘጠነኛውን ጥያቄ ጠይቁት፤ ወረፋ ላይ ያለ ሰው ማንም ሳያየው ሊከፋበት ይችላል።

ዘመድና ጎረቤት ለሌላ አማካሪ ይተላለፍ፤ ስድስት መሆናችሁ ለዚህ ይጠቅማችኋል። ዝምድና ባይኖርም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይህን ተነጋገሩ፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልዎት ወይስ እንዳላየሁ ልለፍ?» መልሱን ጻፉት። ሚስጥር የማይጠበቅበትንም ሁኔታ፣ ማለትም ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንና ሕፃን ሲጎዳ፣ ሰውየው ገና ሳይናገር በዚያው ሰዓት ንገሩት።