ለሰፈር የባህል ቀን ማንን እንጥራ? የሙዚቀኞች ጥቆማ ከመሃል አዲስ አበባ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ለምናዘጋጀው የሰፈር የባህል ቀን ሙዚቀኞች ጠቁሙን። ዝግጅቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሜዳ ላይ፣ 400 የሚሆን ሰው ይጠበቃል። ከሰሜኑም ከደቡቡም ከምሥራቁም እንዲኖርበት እንፈልጋለን። ልብስ እየቀያየረ ሁሉንም የሚያሳይ አንድ የባህል ባንድ ይሻላል ወይስ ቡድን በቡድን እንጥራ? የድምፅ ዕቃውስ ምን ያህል ይሁን?

ዝግጅት አስተባባሪ፦ ቡድን በቡድን ጥሩ፤ ግን ከአራት አይብለጥ። እያንዳንዱ ቡድን 35 ደቂቃ ቢጫወትና ለመውጣት፣ ለመውረድ፣ ለመቃኘት 20 ደቂቃ ቢሰጠው ከአራቱ ሰዓት የሚተርፈው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። እሱም ለመክፈቻ ንግግር ይሄዳል። አምስተኛ ቡድን ከተጨመረ መቃኛው ጊዜ ይቆረጣል፤ መቃኛ ሲቆረጥ ደግሞ ሁሉም ቡድን ይበላሻል።

አንድ ባንድ መጥራት ቀላል እንደሆነ አይካድም። ዮድ አቢሲኒያን በመሳሰሉ የባህል ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ተወዛዋዦች ከጎጃም እስክስታ ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ጉራጌ ሲያልፉ ማየት ያስደንቃል። ሰዓት አክባሪዎች ናቸው፣ ልብሱም ዝግጁ ነው። ነገር ግን ሁሉም አካባቢ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ከበሮ ሲታጀብ መጀመሪያ የሚጠፋው የደቡቡ አዘፋፈን ነው። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ መሪው ያነሳል፣ ሌላው ከላይ ይደርባል፣ ሌላው ከታች ይይዛል፤ ዜማው የሚሠራው በድርብርቡ ነው። ያንኑ ዘፈን አንድ ድምፃዊ በኪቦርድ ላይ ቢያዜመው ግጥሙን እንጂ አዘፋፈኑን አትሰሙም። ስለዚህ ባንዱን ከአራቱ አንዱ አድርጉት፤ ቦታውም መዝጊያው ነው፣ ሕዝቡ አብሮ የሚጨፍርበት።

ለመክፈቻው ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዘ ትንሽ ቡድን ውሰዱ። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ከእናንተ ሩቅ አይደሉም፤ ተጫዋቾቻቸው መድረክ የለመዱ ናቸው። ጥያቄው በድርጅት ደብዳቤ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይግባ። በጀቱ ጠበብ ካለ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጠይቁ። ከመዋዋላችሁ በፊት ግን ሦስት ዘፈን በሙሉ ሲጫወቱ ስሙ፤ በስልክ የሚላክ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ምንም አይነግራችሁም።

ለደቡቡ ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ጥበብ የሚሸምኑት የዶርዜ ሰዎች እዚያ ነው ያሉት፤ ለሠርግና ለመስቀል አብረው የሚዘፍኑ ብዙ ናቸው። ሰው አትቀንሱባቸው፤ “አምስት ሰው ይበቃናል” ካላችሁ ድርብርቡ ይሳሳል። ከ10 እስከ 14 ሰው ጠይቁ። ሲዳማዎችን የምትጋብዙ ከሆነም ብዙ ሰው አብሮ ለሚዘፍነው ቄጣላ ይኸው ምክር ይሠራል።

ለምሥራቁ የሐረርጌ ሸጎዬ ወይም የሐረሪ ቡድን ጥሩ ነው። የሐረሪው የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2016 ነው፤ በአስተዋዋቂው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ እንግዳው ምን እንደሚያይ ይወቅ። ሸጎዬ ፊት ለፊት ተያይተው የሚጫወቱት ስለሆነ ጎን ለጎን አታሰልፏቸው፤ መድረኩ ጠባብ ከሆነ ሜዳው ላይ ይውረዱ፣ ሕዝቡ ይክበባቸው።

ሁለት ነገር አልመክርም። አንደኛ በገና። አሥር አውታር ያለው የመዝሙር መሣሪያ ነው፤ ከእስክስታ ቀጥሎ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ለደርዳሪውም ለአድማጩም አይሆንም። ከፈለጋችሁት በሌላ ቀን፣ ወንበር ባለው ጸጥ ያለ አዳራሽ ይሁን። ሁለተኛ ዋዛ፣ የበርታዎች የቅል ጥሩምባ። እጅግ የምወደው ሙዚቃ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ነፊ አንድ አንድ ድምፅ ይዞ ነው ዜማው የሚገጣጠመው፤ አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ቀዳዳ ያወጣል። ሙሉውን ቡድን ከአሶሳ ማምጣትና ማሳደር ካልቻላችሁ ይቆይ።

ድምፅ ባለሙያ፦ ለመክፈቻው ቡድን 7 ቻናል (የማይክ ወይም የመሣሪያ መግቢያ) ይበቃል፤ ማሲንቆ 1፣ ክራር 1፣ ዋሽንት 1፣ ድምፃዊ 2፣ ከበሮ 2፣ አንዱ ለሰፊው ፊት አንዱ ለጠባቡ። መዝጊያው ባንድ ኪቦርድና ቤዝ ክራር ስለሚኖረው 16 ቻናል ሚክሰር ተከራዩ። ለ400 ሰው በየጎኑ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከርና አንድ ሳብ (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)፣ መድረክ ላይ ሦስት ሞኒተር (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) ይበቃል።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከማይክ አቀማመጥ ነው። የማሲንቆ ፊት ቆዳ ነው፤ ሞኒተር ፊት ለፊቱ ከተቀመጠ ቆዳው ራሱ ድምፁን ተቀብሎ ይጮኻል። ሞኒተሩን ወደ ተጫዋቹ ጎን አዙሩት፣ ማይኩ ከቆዳው ከ10 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። ሰው መሃል እየተዘዋወረ የሚጫወት አዝማሪ ከሆነ የሚቆነጠጥ ዋየርለስ ማይክ ስጡት፤ ባትሪውም ከመውጣቱ በፊት አዲስ ይሁን። ለዋሽንት ማይኩን አፉ ላይ አትደቅኑ፣ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚገባው። ከጎን፣ ጣቶቹ ትይዩ፣ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት። ኤሌክትሪክ ክራር በዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር በሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ይግባ፤ ያለሱ በጄኔሬተር ሲሠራ እምምም የሚል ድምፅ አይለየውም።

ለዶርዜዎቹ ለየሰዉ ማይክ አትስጡ። መሪው ብቻ ጎልቶ ሌላው ይጠፋል። በግማሽ ክብ አቁሟቸው፣ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ከፊታቸው አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ከራስ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ለእነሱ ሞኒተሩን አጥፉት፤ የሚዘፍኑት እርስ በርስ እየተሰማሙ ነው።

የመድረኩ ወለል ጣውላ ከሆነ ደግሞ ጉራጌኛ ሲጨፈር የእግሩ ምት በማይክ ማቆሚያው በኩል ገብቶ ሳቡን ያንኳኳል። ከማቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ አድርጉ። መድረኩ ከ6 በ8 ሜትር ካነሰ ተወዛዋዦች ገመድ ይረግጣሉ።

የክራርና የማሲንቆ መምህር፦ የቅኝቱን ነገር ማንም አላነሳም፤ እኔ ልጨምር። ቡድኑ ዋሽንት ካለው መነሻ ድምፁ ከዋሽንቱ ይወሰድ። ዋሽንት የተቆረጠበትን ድምፅ አይቀይርም፤ ክራርና ማሲንቆ ግን በመጥበቅና በመላላት ይከተሉታል። ዋሽንት ነፊው ቢያንስ ሦስት ዋሽንት በተለያየ ርዝመት ይያዝ፤ ድምፃዊቷ ከፍ ወይም ዝቅ ብትል የሚያነሳው ይኖረዋል።

የዘፈን ቅደም ተከተሉን በቅኝት ደርድሩት። ክራር ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ሲሄድ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚላላው። ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሄድ ግን ሦስት ሦስት ክር ይንቀሳቀሳል። አዲስ የተጠበቀ ክር ደግሞ ወዲያው አይረጋም፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይወርዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ እያለ የሚዘል ዝርዝር ሲሰጣችሁ እምቢ በሉ፤ ወይ ዘፈኖቹ በቅኝት ይሰብሰቡ፣ ወይ ሁለት ክራር በየቅኝቱ ተቃኝቶ ይቅረብ። በ1955 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የየአካባቢውን መሣሪያ አንድ መድረክ ላይ ሲያሰባስብ ትልቁ ሥራ ይኸው ማስማማቱ ነበር፤ በ20 ደቂቃ የመድረክ ቅያሪ እንዲሠራ አትጠብቁ። በዝግጅቱ መጨረሻ ሁሉም ቡድን በአንድ ላይ ይጫወት የሚል ሐሳብ ካላችሁ ሁለት ቀን ልምምድ ይዛችሁ ብቻ ነው።

አዝማሪ ከጠራችሁ ደግሞ ሕዝቡ ግጥም ያቀብለው። “ተቀበል!” ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሁለት ሦስት የሰፈር ሰው ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ከጀመረ ሌላው ይከተላል። ሕፃናት እንዳሉና ማንንም በብሔርና በሃይማኖት መንካት እንደማይገባ ለአዝማሪው ከመድረኩ በፊት ንገሩት፤ ያውቅበታል፣ በሰምና ወርቅ ያስኬደዋል።

ጠያቂ፦ ጌታ ይስጥልን። ለልጆች መሞከሪያ የሚሆን ክራር ከቸርችል ጎዳና ሱቆች ብንገዛስ? ዝናብ ቢመጣስ?

የክራርና የማሲንቆ መምህር፦ እዚያ ከሚሰቀሉት ብዙዎቹ ለግድግዳ ጌጥ የተሠሩ ናቸው። ሦስት ነገር ፈትሹ። ክሩን አጥብቃችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከወረደ ቀንበሩ ላይ ያለው መጠምጠሚያ አይይዝም። ሁለቱን ምሰሶዎች ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙ፣ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ከተንቀጠቀጠ ተዉት። ቆዳውን በጣት ምቱት፤ እንደ ከበሮ ካልመለሰና ድፍን ድምፅ ከሰጠ ወይ ልል ነው ወይ ቀለም በዝቶበታል። እንደ ጊታር መቃኛ ቁልፍ የተገጠመለት ለልጅ ይቀላል፤ ቶሎ ይቃኛል።

ዝናቡን በተመለከተ ከውሃው ይልቅ እርጥበቱን ፍሩ። አየሩ ሲረጥብ የማሲንቆ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ የጭራው ክርና ደጋኑም ስለሚለሰልሱ እጣን ቢቀባም መያዝ ያቅተዋል። ተጫዋቹ ደረቅ እጣንና ተለዋጭ ጭራ ይያዝ። ከመድረኩ ኋላ ጣሪያ ያለው ቦታ ላይ አንድ የከሰል ማንደጃ አስቀምጡ፤ ከበሮው ከእሳቱ አንድ ክንድ ተኩል ርቆ፣ ፊቱ እየተገለባበጠ 10 ደቂቃ ይሙቅ። ቀርቦ ከሞቀ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሣር ላይም አታስቀምጡት፤ ወንበር ወይም ሳጥን ላይ ይሁን፣ ከታች እርጥበት ይስባል።

ዝግጅት አስተባባሪ፦ አንድ ነገር ረስቼ፤ ቀኑን ስትቆርጡ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን ተመልከቱ። በጾሙ ብዙ ተወዛዋዦች አይወጡም፣ የሐረሪውም ቡድን በረመዳን ቀን ላይ አይመችም። ውሉ ላይ የሰው ቁጥር፣ የመድረሻ ሰዓት (ከመጀመሪያው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ)፣ ትራንስፖርትና ምሳው የጾም ይሁን የፍስክ ይጻፍ። ግማሹን ሲፈርሙ፣ ግማሹን ከመድረክ ሲወርዱ እዚያው ክፈሉ።