ሪሊክ ጊታር በ5 ሺ ዶላር ይገዛል ወይ? ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ

ሰላም ቤቶች። ያ "5 ሺ ዶላር አጠራቅሜያለሁ፣ የፌንደር ከስተም ሾፕ ሪሊክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ" ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ በሁለት መስመር ልመልስልህ ጀምሬ አልሆነልኝም። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት አንተ ያለህበት ላይ ነበርኩ፣ ተቻኩዬ ገዝቼም ገንዘቤን አቃጥያለሁ፣ ስለዚ ረዘም ቢልም ታገሰኝ።

መልሴን ልቅደም፣ በአዲሱ ዋጋ አትግዛው። ሜሪላንድ ላይ 6 ፐርሰንት ታክሱ ሲገባ 5 ሺው 5,300 ነው፣ ኬብል ሳትገዛ፣ ክር ሳትቀይር።

ለማታውቁት ደግሞ፣ ሪሊክ ማለት አዲስ ጊታር ነው ግን ፋብሪካው ራሱ ቀለሙን ልጦ፣ ብረቱን አደብዝዞ፣ ጠርዙን ገጭቶ 40፣ 50 ዓመት የተጫወቱበት አስመስሎ የሚሸጠው ነው። ፌንደር የሚባለው ጊታር ሠሪ፣ ከስተም ሾፕ በሚለው ጊታር በጥንቃቄ በሚሠራበት ልዩ ክፍሉ፣ በፈረንጅ 1995 ነው የጀመረው፣ የመጀመሪያዎቹን ቪንስ ኩኔቶ የሚባል ሰው ነበር የሚያስረጅላቸው። ሌላው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ደግሞ በ2021 መርፊ ላብ ብሎ ከፈተ፣ እነሱ ጋ ቀለሙ ራሱ እንደ ድሮ ሸክላ ስንጥቅጥቅ እንዲል ነው የሚሠራው፣ ከቅርብ ስታየው በጣም ያምራል፣ ይሄን አልክድም።

ድምፁ ይለወጣል ወይ ላልከው፣ መላጡ ብቻውን ለድምፅ የሚጨምረው ነገር የለም። የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ሲጫወት የምትሰማው ያ ጥርት ያለ ድምፅ ከተላጠ ቀለም አልመጣም፣ ከጣት ነው የመጣው። ከስተም ሾፕ ጥሩ የሚሆነው እንጨቱ ተመርጦ፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ተስተካክሎ፣ ፒክአፑ (የክሩን ድምፅ ወደ አምፑ የሚልከው ማግኔት) በጥንቃቄ ተሠርቶ ስለሚወጣ ነው፣ ያንኑ ሥራ ሳይላጥም ይሸጡልሃል፣ ኤንኦኤስ ይሉታል።

ልዩነቱ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ትዝታ ስትጫወት የማሲንቆዋን ለቅሶ ለማምጣት ከፍሬት ፍሬት ማንሸራተት አለብህ አይደል? እና ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኖ፣ ሰዉ እስክስታ እየወረደ፣ እጅህ ሲያልበው ያ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቫርኒሽ አውራ ጣትህን ይዞ ያስቀረዋል። ሪሊኩ ጀርባው እንጨቱ እስኪታይ ስለተፈገፈገና የአንገቱ ጠርዝ ስለተሞረደ እጅህ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ አንስተኸው ልብህ የጠፋው በዚህ ነው፣ የኔም በዚህ ነው የጠፋው።

ግን እሱን በ6 ዶላር ታገኘዋለህ። ሆም ዲፖ ሂድና አራት ዜሮ የሚባለውን የብረት ሱፍ ግዛ፣ እንደ ድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሆኖ እንደ ጥጥ የለሰለሰውን ማለቴ ነው። ክሩን አውጣ፣ ፒክአፖቹን በቴፕ ሸፍናቸው (ይሄን እንዳትረሳ፣ የብረት ብናኙ ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈ አይወጣም)፣ ከዛ የአንገቱን ጀርባ ብቻ በርዝመቱ ቀስ እያልክ ጥረገው። 10 ደቂቃ አይፈጅም። አሁን የምጫወትበትን እንደዛ ነው ያደረግኩት።

የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። ከኦንላይን፣ ከአንድ ሻጭ፣ በ2,400 ዶላር "በእጅ ያረጀ" የተባለ ስትራት (በፌንደር ስትራቶካስተር ቅርጽ የተሠራ ጊታር) አዘዝኩ። ፎቶው ላይ ጉድ ነበር። መጣ፣ ቃኘሁት፣ ባዶ ክሩ ልክ ነው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ስይዘው ግን ከፍ ይላል። ሳድሉን (ክሩ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት) በብሎኗ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው፣ ቀላል ነገር ነው አልኩ። ብሎኗ አልዞር አለች! ያረጀ እንዲመስል ብረቱን በኬሚካል አዝገውት ጥርሱ ድረስ ዝጎ ተጣብቋል፣ መፍቻውን ጫን ሳደርገው የብሎኗ ራስ ተላጠ። ትዝታ ሜጀር ላይ እንደምንም ያልፋል፣ አንቺሆዬ ስትጫወት ግን ድምፆቹ የሚቀራረቡበት ቦታ ላይ ጥርስ ያፋጫል፣ ኪቦርዲስቱ ዞር ብሎ አየኝ። በመጨረሻ ብሪጁን (ሳድሎቹ ያሉበትን ብረት) በሙሉ አስቀየርኩ። ስለዚ ሪሊክ ስታይ ቀለሙን ተወውና መጀመሪያ ብሎኖቹን እይ፣ "ላዙራቸው ይፈቀዳል?" ብለህ ጠይቅ፣ ካልፈቀዱ ጥለህ ውጣ።

ሌላ አንድ ነገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲጫወቱ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ጊታራቸው በእውነት የተላጠ ነው። አንድ ቀን ያዘው ብለው ሰጡኝ። ክንዳቸው ያረፈበት ቦታ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ጠቁሯል፣ እኔ ስይዘው ግን ክንዴ እዛ አያርፍም፣ አራት ጣት ያህል ወደ ታች ነው የሚያርፈው። እሳቸው ጊታሩን ከፍ አድርገው ነው የሚታጠቁት። የዛን ቀን ነው ሪሊክ መፈለጌን ያቆምኩት፣ የሱቁ ጊታር ላይ ያለው መላጥ የማን ክንድ ነው?

አማራጮቹን እንግዲህ። ከስተም ሾፑ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልክ ያገለገለ ፈልግ፣ 3 ሺ ምናምን ላይ ታገኛለህ፣ ሰርተፍኬቱና ኬዙ አብሮት ይኑር። ጆርኒማን የሚባለውን ደረጃ ምረጥ፣ ለስለስ ያለ ማርጀት ነው፣ ሄቪ ሪሊኩ ከሩቅ መድረክ ላይ ያምራል እንጂ ቤትህ ሲሆን ይሰለቻል። መርፊ ላቡ አብዛኛው ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ሞዴል ነው፣ ከባድ ነው፣ 4 ሰዓት ቆመህ ለምትጫወት ሰው አልመክርም።

የኔ ምርጫ ያገለገለ ሮድ ዎርን የሚባለው የፌንደር ሞዴል ነው። ሜክሲኮ የተሠራ፣ በ2009 የወጣው። ቀለሙ ስስ ናይትሮ (የድሮ ዓይነት ቫርኒሽ) ነው፣ አንገቱ ከመጀመሪያው የተፈገፈገ፣ ፒክአፑ ቴክስ ሜክስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ለኛ ሙዚቃ ንጹህና ደማቅ። 1 ሺ ዶላር አካባቢ ነው። ናይትሮ ግን ጎማ ያለው ማቆሚያ ላይ አሳድረኸው ጠዋት ቀለሙ ጎማው ላይ ሊጣበቅ ይችላል፣ ጨርቅ ጠምጥምበት። ጥር ውስጥ ደግሞ ከቀዘቀዘ መኪና አውጥተህ ወዲያው ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ኬዙን አትክፈት፣ ይሰነጠቃል፣ ግማሽ ሰዓት ተወው።

በጀት ከጠበበ የፌንደር ፕሌየር 2፣ 800 ዶላር ገደማ ነው፣ ላዩ ላይ 100 ዶላር ለጥሩ ሴታፕ (ባለሙያ ክሩን፣ አንገቱንና ቅኝቱን እንዲያስተካክልልህ) ጨምርበት። እውነቴን ነው የምልህ፣ ጥሩ ሴታፕ ያለው የ800 ዶላር ጊታር ሴታፕ የሌለውን የ5 ሺ ይበልጠዋል። ሴታፕ ስታስደርግ "10 ቁጥር ክር ነው የምጠቀመው፣ ብዙ ነው የማንሸራትተው፣ ክሩን ዝቅ አታድርገው" በለው፣ አለበለዚያ ለሮክ ልጅ አድርጎ ይሰጥሃል።

የት ልሞክር ላልከው ዊተን፣ ሜሪላንድ ያለው ቻክ ሌቪን የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሂድ፣ ከ1958 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ከስተም ሾፑንም ርካሹንም ጎን ለጎን ይዘህ ማወዳደር ትችላለህ። ቅዳሜ አትሂድ፣ ጩኸት ነው፣ የምትጫወተውን ራስህ አትሰማም፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂድ። አምፑ ላይ ሪቨርቡን አጥፋ፣ ዓይንህን ጨፍንና ባቲ ተጫወት፣ ሁለቱንም 20፣ 20 ደቂቃ። ከቻልክ ጓደኛህ እያቀያየረ ያቀብልህ።

ሐሙስ ከሥራ ውጪ ነኝ፣ ከፈለግክ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ብሎኖቹን እኔ አያቸዋለሁ።