ለምቡና ሲክሊድ የትኛው ፊልተር ይሻለኛል? 300 ሊትር ታንክ

ሳምሪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 300 ሊትር አኳሪየም አለኝ። ርዝመቱ 120 ሳ.ሜ.፣ ወርዱም ቁመቱም 50 ነው። ገና ዓሣ አልገባበትም። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶችን፣ ምቡና የሚባሉትን፣ ወደ 20 ገደማ ላስገባ አስቤያለሁ። ታች አሸዋ፣ ከላዩ ብዙ ድንጋይ ይኖረዋል። ግራ የገባኝ ፊልተሩ ነው። አንዱ ካኒስተር (ከታንኩ ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር) ግዢ ይለኛል። ሌላው ከኋላ የሚንጠለጠለው ይበቃሻል ይላል። ሌላው ደግሞ ሳምፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ያየሁት ካኒስተር ካርቶኑ ላይ «እስከ 300 ሊትር፣ በሰዓት 1,200 ሊትር» ተብሎ ተጽፎበታል። ለእኔ ታንክ ልክክ ያለ አይደለም?

ድንጋይ ሥር
ካርቶኑን አትመኚው እህቴ። «እስከ 300 ሊትር» የሚሉት ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ያሉበትን ታንክ አስበው ነው። ምቡና ተደባዳቢ ነው። ዱላው አንዱ ላይ ብቻ እንዳይበረታ ሆን ተብሎ በዛ ተደርጎ ነው የሚገባው። ዓሣው ሲበዛ ቆሻሻውም ይበዛል።

1,200 የሚለውም ቁጥር ብዙ ጊዜ ፊልተሩ ባዶ ሆኖ የተለካ ነው። ስፖንጁና ሴራሚኩ ሲገባበት፣ ውሃውንም ከታች ወደ ላይ ሲገፋ በደንብ ይቀንሳል። ራስሽ መለካት ትችያለሽ። የመመለሻውን ቱቦ ታንኩ አፍ ላይ ያዢና 5 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሙዪበት። በ20 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 900 ሊትር ማለት ነው። 30 ሴኮንድ ከፈጀ 600 ብቻ ነው።

ለሲክሊድ የተለመደው ልክ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የታንኩን ውሃ በሰዓት ከ6 እስከ 10 ጊዜ እንዲያዞር ነው። ለአንቺ ከ1,800 እስከ 3,000 ሊትር መሆኑ ነው። ያየሽው ብቻውን አይበቃም።

ባለሳምፑ
ሳምፕ ያለው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም 😄። አሁንም አልለወጥኩም። ሳምፕ ማለት ከሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ታንክ ነው። የውሃውን መጠን ይጨምርልሻል፣ የፈለግሽውን ያህል ሚዲያ (ስፖንጅና ሴራሚክ) ይይዛል፣ ማሞቂያውም እዚያው ይደበቃል። ለማጽዳትም እንደሱ የሚቀል የለም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ታንክሽ ውሃው ወደ ሳምፑ የሚወርድበት ቀዳዳ ተበስቶለታል? ካልተበሳ እኔም አልገፋፋሽም። ጠርዝ ላይ የሚሰቀለው ማፍሰሻ አየር ገብቶበት ሲፎኑ ከተቋረጠ፣ ፓምፑ የታችኛውን ውሃ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይልካል። ላይኛው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከላይ የሚወርደውን የሚቀበል ባዶ ቦታ ሳምፑ ውስጥ መተው አለበት።

ሳምሪ
አልተበሳም። ውሃ የተሞላ ታንክ ደግሞ ማን ይበሳል! በቃ ሳምፑን ተውኩት።

ጋሽ ኩሬ
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ፍጥነት ነው የሚያወራው። እኔን የሚያሳስበኝ ባክቴሪያው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንደኛው ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል፣ ይኼኛው ቀለል ይላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ስፖንጁና ሴራሚኩ ላይ ነው። ውሃው እየሮጠ ሚዲያው ጥቂት ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

በምቡና ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሚወዱት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ የሆነ ውሃ ነው። በዚያ ፒኤች አሞኒያው 7 ላይ ከሚኖረው መርዝነት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ይጎዳል። ሌላ ታንክ ላይ የማይታወቅ ትንሽ አሞኒያ እዚህ ዓሣ ይገድላል።

ስለዚህ የካኒስተሩን ቅርጫቶች እንዲህ ሙያቸው። መጀመሪያ ውሃው የሚያገኘው ሻካራ ስፖንጅ ይሁን፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለው፣ የቀረው ቦታ ሁሉ ሴራሚክ። ካርቦኑን አውጪው። መድኃኒት ሰጥተሽ ከውሃው ማስወጣት ስትፈልጊ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ሌላ ጊዜ ቦታ መያዝ ነው ሥራው።

ዓሣም ቶሎ አታስገቢ። ባክቴሪያው እስኪራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ጤነኛ ታንክ ካለው ሰው የተጠቀመበትን ስፖንጅ ቆርሰሽ ብታመጪ ያሳጥረዋል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መሆናቸውን ሳትለኪ እንዳትጀምሪ።

ቢጫዋ
ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ስለ አሸዋው ልጨምር። ምቡና ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ይውላል። የመሳቢያው ቱቦ አፍ ከአሸዋው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ አሸዋው ገብቶ የፓምፑን የሚሽከረከር ክፍል ይበላዋል። ከጠጠር ሥር የሚዘረጋውን ፊልተር ደግሞ እርሺው። ቆፍረው ያወጡታል!

አፉ ላይ ስፖንጅ ሸፍኚበት። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ሦስት ሳምንት ገደማ ከቆየች በኋላ ጫጩቶቹን ስትተፋ፣ ስፖንጅ የሌለው ቱቦ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

ሳምሪ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ቢጫዬ አንቺንም። ታዲያ አንድ ትልቅ ካኒስተር ይሻላል ወይስ ሁለት መካከለኛ? መብራት ሲጠፋስ?

ድንጋይ ሥር
ሁለት፣ ያለ ጥርጥር። ያየሽውን ባለ 1,200 ሁለቱን ብታደርጊ 2,400 ነው፣ ልኩ ውስጥ ገባሽ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ዓሦቹን ያቆያቸዋል። ስታጥቢም ተራ በተራ ነው፤ ዛሬ አንዱን፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሌላውን። ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳትነኪ።

ሚዲያውን በቧንቧ ውሃ አትጠቢው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ከታንኩ በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ ስፖንጁን ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። ቡናማው ጭቃ ወጥቶ ውሃ እንደልብ ካሳለፈ ይበቃዋል። ነጭ እስኪሆን አትፈትጊው።

መብራት ሲጠፋ ካኒስተሩ እንደተዘጋ ስለሚቀር ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ብዙ ሰዓት ከቆየ ዝም ብለሽ አታስነሺው። ክፈቺው፣ ከሸተተ የውስጡን ውሃ ድፊው፣ ሚዲያውን በታንኩ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ነው የምትመልሺው።

ባለሳምፑ
በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕና አንድ የስፖንጅ ፊልተር ጥግ ላይ አስቀምጪ። ፓምፑ ከውሃው በታች ከተቀመጠ የአየር ቱቦው ላይ መመለስ የሚከለክል ቫልቭ አድርጊበት፤ ሲቆም ውሃው ወደ ኋላ ይመጣል።

ጋሽ ኩሬ
ናይትሬቱን ግን እነዚህ ፊልተሮች አያወጡልሽም። እሱ የባልዲ ሥራ ነው። በሳምንት ከ30 እስከ 50 በመቶውን ቀይሪ፤ አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የጠፋና ሙቀቱ ከታንኩ ጋር የተቀራረበ ይሁን።

ሳምሪ
ሁለት መካከለኛ ካኒስተር በቃ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የውሃ መመለሻዎቹን የት ላድርግ?

ቢጫዋ
ሁለቱንም አንድ ጫፍ ላይ፣ መሳቢያዎቹን ሌላኛው ጫፍ ላይ። መመለሻው የውሃውን ፊት እንዲያናውጥ ከላይ አድርጊው፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። ድንጋዩን ከኋለኛው መስታወት ትንሽ አርቂው፣ ውሃው ከኋላው ካላለፈ ቆሻሻው እዚያው ይከመራል።