ቪትዜ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ነገ ሌሊት መንገድ አለብኝ፣ ድረሱልኝ!

የቆጪ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ዛሬ ከሰዓት ከጅሬን ኮረብታ ስወርድ ነው የጀመረው። ቤት ገብቼ ካጠፋሁት በኋላም ግቢው በሙሉ ይሸታል። ጭስ የለም። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ ይዤ ወደ አዲስ አበባ መውጣት አለብኝ። ጋራዥ ተዘግቷል። ምን ይሻለኛል?

ባለዶልፊን፦ ከጅሬን ስትወርድ ከሆነ ፍሬን ነው፣ አለቀ። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ረግጠህ ወረድክ፣ ሸራው ጋለ፣ ሸተተ።

ጨዋታ አዋቂ፦ እርግጠኛ ነህ ጎማ ነው? ጅማ እኮ ነው፣ ጎረቤት ቡና አሳርረው ይሆናል።

የድሮ ሾፌር፦ ልጄ፣ የዛሬ ልጆች ሁሉንም ጎማ ሸተተ ትላላችሁ። የሸተተህ ጎማ አይደለም፣ የፍሪሲዮን ሸራ ነው። እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ሸራውን ያቃጥላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። እኛ ቦንጋ በጭቃ ስንመላለስ ፍሪሲዮን በየጊዜው አንቀይርም ነበር። ዋናው እግር ነው።

የቆጪ ልጅ፦ ጋሼ፣ አውቶማቲክ ናት። የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም። ደግሞ ሴት ነኝ።

የድሮ ሾፌር፦ ታዲያ ይሄ ከመጀመሪያው አይነገርም? ለማንኛውም ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ባለዶልፊን፦ አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬን መሆኑ ባሰ። እህቴ፣ ትንሽ ነድተሽ ተመለሽና እጅሽን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጊ። እንዳትነኪው፣ ያቃጥልሻል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። የእጅ ፍሬን ሳትለቂ እንዳይሆንም እዪ።

የቆጪ ልጅ፦ ሰፈሬን ዞሬ መጣሁ። አራቱም ያው ናቸው፣ የጋለ የለም። የእጅ ፍሬንም ለቅቄያለሁ።

ጨዋታ አዋቂ፦ አባ ጅፋር ጅሬን በፈረስ ነበር የሚወጡት፣ ምንም አይሸትም ነበር። ከቀልዱ ውጪ ግን ከሥር እዪው። የኔ ሳምንት ሙሉ ሸትቶ መካኒክ ሲያስፈታኝ ከርሞ፣ ፌስታል የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ቀልጦ ተጣብቆ ተገኘ። ሲበርድ በእንጨት ፋቅነው።

ሰባራ ክሪክ፦ ሦስት ነገር መልሺ። አንደኛ፣ ሽታው ከፊት ነው ከኋላ? ሁለተኛ፣ የባትሪ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ይላል? ሦስተኛ፣ ኤሲ አብርተሽ ነበር?

ሚሚ፦ ችንጋ ነው። ችንጋ ቀይሪ።

የቆጪ ልጅ፦ ከፊት ነው። ኤሲ አብርቼ ነበር፣ ዝናብ ስለነበረ መስታወቱ ጉም ይዞ አላሳይ ሲለኝ። የባትሪ መብራቷም ብልጭ ብላ ትጠፋ ነበር፣ እርጥበት ነው ብዬ ተውኳት።

ሰባራ ክሪክ፦ በይ ኮፈኑን ክፈቺ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ። ችንጋዋን፣ ፑሊ የሚባሉትን የሞተሩን መዘውሮች የምታዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ በስልክሽ መብራት እያት።

ሚሚ፦ ችንጋ ነው አልኩ እኮ።

የቆጪ ልጅ፦ አየኋት። በአንድ በኩል ጠርዟ ተልጦ ክር ወጥቷል። የውስጥ በኩሏ ያብረቀርቃል። ፑሊው ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ተነስንሷል፣ ጣቴን አጠቆረው።

አባ መላ፦ ደረቅ ሳሙና ቀቢያት፣ አዲስ አበባ ታደርስሻለች። ድምፅም አይኖራትም።

ሰባራ ክሪክ፦ ሳሙና እንዳታስነኪያት። ለጊዜው ዝም ትላለች፣ ኋላ ብሶባት ትንሸራተታለች። የሸተተሽም መንሸራተቷ ነው። ኤሲ ሲበራ ኮምፕረሰሩ ችንጋዋን ይጫናታል። ከላላች ወይም ካረጀች መያዝ ያቅታታል፣ ትንሸራተታለች፣ ትቃጠላለች። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በደንብ ስለማይዞር ነው የባትሪ መብራት ብልጭ ያለው። መሀሏን በአውራ ጣት ስትጫኚያት ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ከረገበች ላልታለች።

ግን ችንጋ ብቻ ቀይረሽ አትሂጂ። መካኒኩ ችንጋዋን ሲያወጣ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ያዙራቸው። የሚያንቋቋ ወይም የሚይዝ ካለ ውስጡ ያለው ማዞሪያ ኩሽኔታ ሄዷል። እሱ ሳይቀየር አዲሷንም ይበላታል። የኮምፕረሰሩ ፑሊ ኤሲ ቢጠፋም ይዞራል፣ ስለዚህ ኤሲ አጥፍቼ ልንዳ ብለሽ አትተማመኚ።

የቆጪ ልጅ፦ እሺ፣ ግን ለነገ ብቻ ቀስ ብዬ ብነዳስ?

ሰባራ ክሪክ፦ በብዙ ቪትዝ ዲናሞውን የምታዞረው ችንጋ የውሃ ፓምፑንም ታዞራለች። ጊቤ በረሃ ላይ ከተበጠሰች ሞተሩ ይግላል፣ ሳትቆሚ ከነዳሽ ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክፍል፣ ታቃጥያለሽ። እናትሽን ይዘሽ ጊቤ በረሃ ላይ መቆም ትፈልጊያለሽ? ወይ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሂርማታ ሰፈር በኩል መለዋወጫ ገዝተሽ አሠርተሽ ውጪ፣ ወይ ነገን በሕዝብ መኪና ሂጂ።

ስትገዢ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። 5ፒኬ1100 የሚል ከሆነ 5 ጥርስ፣ 1100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። «ትሄዳለች» ብለው የሚቀራረብ እንዳይሰጡሽ። ጽሑፉ ከጠፋ አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ።

የድሮ ሾፌር፦ ስትሄጂ ደግሞ የጊቤን ቁልቁለት ማርሹን ዲ ላይ አድርገሽ አትውረጂው። ወደ 2 ወይም ኤል አውርደሽ ሞተሩ ይያዝሽ። ፍሬን ረገጥ ለቀቅ። ያኔ ነው የእውነት ፍሬን የሚሸተው።

ባለዶልፊን፦ እኔም ስለ ፍሬን ነበር የምለው።

የቆጪ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለወንድሜ ደወልኩ፣ ሐኪም ቤቱን እንዲጠይቅልኝ። ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት ከገፉልኝ አሠርቼ እወጣለሁ።

ሄኖክ ዘአጋሮ፦ ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የኔም ዳገት ላይ ይሸታል፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። ዲኤክስ ኮሮላ ነው።

የድሮ ሾፌር፦ ማንዋል ነው አይደል? ቁጭ በል ልጄ፣ ላስረዳህ።